የፍሪሲዮን ፈሳሽ አያያዝና የተበከለውን ስለ ማስተካከል፤ በዱስ መስመር ለሚሠማሩ የዕርዳታ ተሽከርካሪዎች

ዱስ በደቡብ ኦሞ ዞን በሐመር ወረዳ፣ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ የካራ ብሔረሰብ መንደር ናት። የካራ ሕዝብ ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 1,500 እንኳ አልሞላም። ይህ ሕዝብ ለብዙ ትውልድ የኖረው በዋናነት ወንዙ በክረምት ሞልቶ ሲጎድል በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ፣ በቆሎና ጥራጥሬ እየዘራ ነበር። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ መያዝ ከጀመረበት ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዓመታዊው ሙላት እንደ ቀድሞው መምጣቱ ቀርቷል። በመሆኑም ዝናብ በሚታጣበት ዓመት የመንደሩ ጎተራ ዓይኑን የሚጥለው በመኪና ተጭኖ በሚመጣው እህል ላይ ነው።

ከጂንካ በተለመደው መንገድ ወደ ዱስ የሚሄድ ተሽከርካሪ ቀይ አፈርን፣ ዲመካንና ቱርሚን ካለፈ በኋላ ወደ ወንዙ የሚያደርሰውን የቆላ መንገድ ይይዛል። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ዱስ ያለችበት የወንዝ ዳር ወደ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። በዚህ ጉዞ ላይ ማርሽ ደጋግሞ መለዋወጥ፣ በቱርሚ አካባቢ እንደ ካስኬ ያሉትን አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆነው የሚቆዩ አሸዋማ ወንዞች በከባድ ማርሽ መሻገር፣ ዝናብ ከጣለም ከጭቃ ጋር መታገል የዘወትር ሥራ ነው። መንገዱ ክፍት የሚሆንባቸው ቀናት የተወሰኑ ናቸው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በታችኛው ሸለቆ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎች በሞቱበት ወቅት ዕርዳታው በጀልባና በሄሊኮፕተር መድረስ የነበረበት የየብስ መንገድ ስለማያስኬድ ነበር። መንገዱ በሚከፈትበት ዕለት መኪናው በራሱ ጉድለት ከቆመ ግን ጥፋቱ የሰማይ ሳይሆን የሰው ይሆናል።

ተሽከርካሪን የሚያቆም ነገር ሲነሣ የብዙ ኃላፊዎች ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጎማ፣ ወደ ባሌስትራና ወደ ነዳጅ ነው። የእነዚህ በጀት በየዓመቱ ይያዛል፤ ጉድለታቸውም ለዓይን ይታያል። በሞተሩ ክፍል ጥግ ላይ ያለችው፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ፈሳሽ ብቻ የምትይዘው የፍሪሲዮን ማጠራቀሚያ ግን የሚያስታውሳት የለም። ሆኖም በዚህች ዕቃ ውስጥ የተጨመረ ጥቂት የተሳሳተ ዘይት ሙሉ ጭነት የያዘን መኪና በአሸዋ መካከል ለማስቆም በቂ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ስሕተቱ እንዴት እንደሚፈጸም፣ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚስተካከል ለስምሪት ኃላፊዎች፣ ለግምጃ ቤት ሠራተኞችና ለአሽከርካሪዎች ማስረዳት ነው።

ስሙ ዘይት፣ ጠባዩ ሌላ

የስሕተቱ ሥር ከቋንቋ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአገራችን ጋራዦች ይህ ፈሳሽ የሚጠራው «የፍሬን ዘይት» በሚል ስም ነው፤ ፍሬኑም ሆነ ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚሁ ፈሳሽ ነውና። የንብረት ካርዱም «ዘይትና ቅባት» በሚለው ርዕስ ሥር ከሞተር ዘይት፣ ከካምቢዮ ዘይትና ከመሪ ዘይት ጋር ይመዘግበዋል። ይህን የሚያነብ ሰው አንዱ ዘይት ሲያልቅ ሌላው ለጊዜው ሊተካው ይችላል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ ፈሳሽ ዘይት አይደለም። የሞተር ዘይትና መሰሎቹ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጡ ሲሆኑ፣ የፍሬን ፈሳሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግላይኮል ከሚባል የአልኮል ዘመድ ከሆነ ኬሚካል የሚዘጋጅ ነው። ዘይት ከውኃ ጋር አይዋሐድም፤ የፍሬን ፈሳሽ ግን እንደ ስኳር ይሟሟል። ዘይት የመኪናን ቀለም አይጎዳም፤ የፍሬን ፈሳሽ ግን የፈሰሰበትን ቀለም አረፋ አስነሥቶ ይልጠዋል።

ዋናው ልዩነት በጎሚኒ ላይ የሚታይ ነው። በፍሪሲዮኑ ሲሊንደሮች ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ለግላይኮል ተስማምተው የተሠሩ ናቸው። የማዕድን ዘይት ሲነካቸው ዘይቱን እየመጠጡ ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ቅርጻቸውንም ያጣሉ። ያበጠ ጎሚኒ በምንም ዓይነት እጥበት ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም።

የሃይድሮሊክ ፍሬን ገና በተጀመረበት ዘመን፣ ማለት ከዛሬ መቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ፣ ሥራ ላይ የነበረው ፈሳሽ የጉሎ ዘይትና አልኮል ድብልቅ ነበር። በእኛ ዘንድ ምጣድ ለማሰሻ የታወቀው የጉሎ ፍሬ ዘይት የዚያን ጊዜውን የተፈጥሮ ጎማ ስለማይጎዳ ነበር የተመረጠው። ይህ ለታሪክ ያህል የተጠቀሰ ነው እንጂ ዛሬ ማንም አሽከርካሪ የጉሎ ዘይት ፍለጋ ገበያ መውጣት የለበትም፤ የዛሬው ጎሚኒ የተሠራው ከሌላ ነገር ነው።

በቆርቆሮው ላይ «ዶት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የአሜሪካ የመጓጓዣ መሥሪያ ቤት ያወጣው ደረጃ ነው። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ ዶት 4 ደግሞ ከ230 ዲግሪ በታች። ሁለቱም ግላይኮል ስለሆኑ ቢቀላቀሉ ጎሚኒ አይጎዱም፤ ሆኖም ፋብሪካው ካዘዘው ደረጃ ዝቅ አለማለት ይገባል። ዶት 5 ግን ከሲሊኮን የሚሠራ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ዶት 5.1 የሚባለው ቁጥሩ ቢያሳስትም የግላይኮል ወገን ነው። ማንኛውም ሰው ፈሳሽ ከመጨመሩ በፊት በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ያንብብ። በአንዳንድ የእርሻ ትራክተሮች ላይ ፋብሪካው የሚያዘው በተቃራኒው የማዕድን ዘይት ነውና፣ ትራክተርና መኪና በአንድ ግምጃ ቤት በሚገለገሉበት ሥፍራ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

የአሠራሩ ሁኔታ

አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ መካኒኮች «የላይኛው ማስተር» የሚሉት ሲሊንደር ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ይገፋዋል። ፈሳሹም በካምቢዮው ጎን ያለውን «የታችኛውን ማስተር» ይገፋል፤ እርሱም በኩሽኔታው አማካይነት ስፒንጂ ዲስኩን ተጭኖ ሞተሩን ከካምቢዮው ያለያያል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ፈሳሹ ይመለሳል፤ ዲስኩም እንደገና ይያያዛል።

በብዙዎቹ መኪናዎች በላይኛው ማስተር ውስጥ፣ ማጠራቀሚያውን ከሲሊንደሩ ጋር የምታገናኝ በመርፌ ጫፍ የምትመሰል ጠባብ ቀዳዳ አለች። ፔዳሉ ሲለቀቅ ይህች ቀዳዳ ክፍት መሆን አለባት። ፈሳሹ በሙቀት ሲሰፋ ትርፉ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰው በእርሷ በኩል ነውና። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ችግር አብዛኛው የሚነሣው ከዚህች ቀዳዳ ነው።

ሁለት ሕመሞች፣ ተቃራኒ ምልክቶች

የፍሪሲዮን ፈሳሽ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው በውኃና በአቧራ ነው። ግላይኮል ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው ክዳኑ የላላ ማጠራቀሚያና የተከፈተ ቆርቆሮ ሁልጊዜ ውኃ ይስባሉ። ውኃው ከመቶ 3.7 እጅ ሲደርስ የዶት 3 መፍያ ከ205 ወደ 140 ዲግሪ፣ የዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ እንደሚችል ደረጃው ራሱ ያመለክታል። የመፍላቱ ነገር ይበልጥ የሚያሠጋው ፍሬንን ነው፤ በፍሪሲዮን በኩል ግን ትልቁ ጉዳት ዝገት ነው። ውኃ የታችኛውን ማስተር ውስጠኛ ግድግዳ እየበላ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይፈጥራል። ጎሚኒው በእነዚያ ላይ ሲመላለስ ይፋቃል፤ ፍቅፋቂውም ፈሳሹን ያጠቁረዋል። የታችኛው ማስተር የአቧራ መከላከያ ላስቲክ ከተቀደደ ደግሞ በየወንዙ መሻገሪያ ጭቃና አሸዋ ይገባበታል። የዚህ ሕመም ምልክት ፔዳሉ መለስለሱ፣ እስከ ወለሉ መውረዱ፣ ማርሽ ሲገባ መንጫጫቱና ከታች መንጠባጠቡ ነው። ባጭሩ ፍሪሲዮኑ አልለይ ይላል።

ሁለተኛው ብክለት በማዕድን ዘይት የሚደርሰው ሲሆን ምልክቱ ተቃራኒ ነው። የላይኛው ማስተር ጎሚኒ አብጦ ከላይ የተጠቀሰችውን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናታል። ሞተሩና ካምቢዮው ሲሞቁ ፈሳሹ ይሰፋል፤ የሚመለስበት መንገድ ግን ስለተዘጋ አሽከርካሪው እግሩን ቢያነሣም የታችኛው ማስተር እንደተገፋ ይቀራል። ፔዳሉ ጠጥሮ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ወይም ቀስ ብሎ እየተጎተተ ይመለሳል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ የተቃጠለ ዲስክ ሽታም ይመጣል። እዚህ ላይ ፍሪሲዮኑ የሚለው አልያያዝ ነው።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። የሕፃናት አልሚ ምግብና የጤና ኬላ መድኃኒት የጫነ አንድ ላንድ ክሩዘር ፒካፕ ከጂንካ ተነሥቶ ዲመካ ሲደርስ አሽከርካሪው የፍሪሲዮኑ ፈሳሽ ከዝቅተኛው ምልክት በታች መውረዱን ያያል። በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ ቀላ ያለ ዘይት ያገኛል። ጠርሙሱ ጽሑፍ የለውም፤ ያስቀመጠውም ከእርሱ በፊት መኪናውን ይይዝ የነበረ ሌላ አሽከርካሪ ነው። ይጨምረዋል። በዚያን ዕለት ምንም የሚያሳስብ ነገር አይታይም፤ እንዲያውም ደረጃው ሞልቶ ፔዳሉ ደኅና ሆኖ ቱርሚ ያድራል። በማግሥቱ ጧት ፔዳሉ ጠንከር ይላል። ቀትር ላይ፣ አሸዋው ውስጥ፣ መኪናው ሞተሩ እየጮኸ ይቆማል። ዘይቱ የመሪ ዘይት ነበር።

የምሳሌው ክፉ ክፍል ግን ገና ይመጣል። መኪናው ተጎትቶ ጂንካ ሲገባ «ዲስኩ አልቋል» ይባላል፤ እውነትም ዲስኩ ተቃጥሏል። ካምቢዮው ይወርዳል፣ አዲስ ዲስክና ስፒንጂ ዲስክ ከሩቅ ከተማ ተገዝቶ እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ፣ ይገጠማል። ፈሳሹን ግን ማንም አልመረመረም። ከጥቂት ጉዞ በኋላ አዲሱ ዲስክም እንደ አሮጌው ይቃጠላል። በዚህ መንገድ የባከነ የዲስክ ዋጋ አንድ ጠርሙስ ዘይት ካመጣው ጥፋት ይልቅ ባለመመርመር የመጣ ነው። የስምሪት ኃላፊ የዲስክ ግዥ ጥያቄ ሲቀርብለት ከመፈረሙ በፊት «ፈሳሹ ታይቷልን?» ብሎ ቢጠይቅ ከሥልጣኑ ወሰን አላለፈም።

ምርመራው

ምርመራው ቀላል ስለሆነ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። አስቀድሞ ክዳኑና ዙሪያው በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ አለዚያ የቆላው አቧራ ሲከፈት ይገባል። ከዚያም ክዳኑ ይከፈትና ከሥሩ ያለው ላስቲክ ይታይ። ላስቲኩ ተለጥጦ፣ ተጨማዶ ወይም ለመመለስ እንቢ ብሎ ከተገኘ የማዕድን ዘይት እንደገባ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ቀጥሎ በንጹሕ መርፌ ከማጠራቀሚያው ጥቂት ፈሳሽ ይሳብና ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ይንጠብጠብ። ሙሉ በሙሉ ከተሟሟ ግላይኮል ነው፤ ከላይ የቅባት ዓይን ሠርቶ ከተንሳፈፈ ዘይት አለበት። ብርጭቆው ከዚያ በኋላ ለመጠጥ አይዋልበት።

ቀለሙም የሚናገረው አለ። አዲስ ፈሳሽ እንደ ጠጅ ጠራ ያለ ቢጫ ነው። የቡና አተላ የመሰለ ከሆነ ያረጀና የጎሚኒ ፍቅፋቂ ያለበት ነው።

ሆኖም ፍሪሲዮን በተንሸራተተ ቁጥር ሁሉ ፈሳሹን መወንጀል አይገባም። በፔዳሉና በላይኛው ማስተር መካከል ያለው ዘንግ ጥቂት ሚሊሜትር ነጻ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል። ዘንጉ ያለ ልክ ተጠብቆ ከሆነ ጎሚኒው ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ ያችው ጠባብ ቀዳዳ ትደፈናለች፤ ምልክቱም የዘይት ብክለትን ይመስላል። ይህን በጣት ገፋ አድርጎ መመርመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማስተካከያውም አንድ ዳዶ መፍታት ብቻ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይደረግ።

የማስተካከሉ ሥራ

የተሳሳተ ዘይት እንደተጨመረ ወዲያው ከታወቀ የመጀመሪያው ትእዛዝ ፔዳሉን አለመርገጥ ነው። ፔዳሉ ካልተረገጠ ዘይቱ በማጠራቀሚያው ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላልና፣ በመርፌ ሙሉ በሙሉ ተመጥጦ፣ ማጠራቀሚያው በንጹሕ የፍሬን ፈሳሽ ታጥቦ፣ ቀጥሎም በአየር ማስወጫው በኩል አዲስ ፈሳሽ በብዛት ማሳለፍ መኪናውን ሊያድነው ይችላል። እንዲህም ሆኖ በሚቀጥሉት ቀናት ፔዳሉን መከታተል ግድ ነው።

ከተረገጠና ከተነዳ በኋላ ግን አጥቦ መቀጠል የሚባል ነገር የለም። ፈሳሹን ብቻ ለውጦ መኪናውን ወደ ሥራ የሚመልስ ጋራዥ ሥራውን አልጨረሰም። የላይኛው ማስተር፣ የታችኛው ማስተርና በመካከላቸው ያለው ተጣጣፊ ቱቦ መውረድ አለባቸው። ጎሚኒዎቹ በሙሉ፣ የክዳኑ ላስቲክ ጭምር፣ ይለወጣሉ። ተጣጣፊው ቱቦ ውስጡ ጎማ ስለሆነ ከውጭ ደኅና ቢመስልም ይጣላል፤ ሲገጠምም የመዳብ ሮንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ። የብረቱ ቱቦ ብቻ ታጥቦ ያገለግላል። ማጠቢያው ለማቃጠያ የሚሸጠው አልኮል ወይም ራሱ ንጹሕ የፍሬን ፈሳሽ ነው። በብዙ ጋራዦች የተለመደው በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማጠብ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በቱቦው ውስጥ የቀረች ጠብታ አዲሱን ጎሚኒ እንደገና ታሳብጠዋለችና። አልኮሉ ከታጠበ በኋላ በአየር ተነፍቶ ይድረቅ።

ሲሊንደሮቹ ሲፈቱ ግድግዳቸው በጥፍር ይዳሰስ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ሲሊንደሩ በሙሉ ይለወጥ። ለዱስ መስመር በተመደበ መኪና ላይ የታችኛውን ማስተር በሙሉ መለወጥ በብዙ ሁኔታ የተሻለው መንገድ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ቀን የመጎተቻ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይደለም። አዲሱ ጎሚኒ ሲገባ በንጹሕ የፍሬን ፈሳሽ ወይም ለጎሚኒ በተዘጋጀ ቅባት ብቻ ይለስልስ። ተራ ግራሶ ያው የማዕድን ዘይት ነው።

አየር ማስወጣቱ ሁለት ሰው ይፈልጋል። በታችኛው ማስተር የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ብርሃን የሚያሳይ ቀጭን ላስቲክ ይሰካና ጫፉ ጥቂት ንጹሕ ፈሳሽ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይነከር። አንዱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይረግጥና ይዞ ይቆያል፤ ሌላው ብሎኑን በጥቂቱ ይፈታል፣ ፈሳሹ ሲወጣ መልሶ ያጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቃል። ብሎኑ ሳይጠብቅ ፔዳሉ ከተለቀቀ የወጣው አየር መልሶ ይገባል። ረዳቱና አሽከርካሪው «ያዝ»፣ «ልቀቅ» እየተባባሉ ካልሠሩ ሥራው ማለቂያ የለውም። በየአምስት ስድስት ርግጫው ማጠራቀሚያው ይሞላ፤ አንዴ ባዶ ከሆነ ሥራው ሁሉ ከመነሻው ይጀመራል። አረፋ መውጣቱ ቆሞ የሚወጣው ፈሳሽ እንደ አዲሱ ሲጠራ ይበቃል። ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሊትር በቂ ነው። በቀለም ላይ የፈሰሰው ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ።

በአንዳንድ መኪናዎች ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ከአንድ ማጠራቀሚያ እንደሚቀዱ መዘንጋት አያሻም። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና የማዕድን ዘይት ከገባ ነገሩ የፍሪሲዮን ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል። የፍሬኑ ጎሚኒዎችም ያብጣሉ፤ ፍሬኑ ሊይዝ ወይም ጨርሶ ሊከዳ ይችላል። መኪናው ባለበት ይቁም፤ የአራቱም ጎማ የፍሬን ጎሚኒዎችና ቱቦዎች እስኪለወጡ ድረስ ማንም ኃላፊ እንዲንቀሳቀስ ማዘዝ የለበትም፤ ጭነቱ ምንም ያህል አስቸኳይ ቢሆን።

በመንገድ ላይ

ጋራዥ በሌለበት ችግሩ ሲደርስ መፍትሔው እንደ ሕመሙ ይለያያል። ጎሚኒ አብጦ ፍሪሲዮኑ አልያያዝ ካለ፣ መኪናው በፍሬንና በድንጋይ ተይዞ፣ የታችኛው ማስተር የአየር ማስወጫ ብሎን በቁጥር 8 ወይም 10 ቁልፍ በጥቂቱ ቢፈታ የታፈነው ግፊት ይወጣል፤ ዲስኩም ይያያዛል። ብሎኑ መልሶ ይጠብቅና ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ሳይረግጡ መንዳት ነው። ፈሳሹ ፈስሶ ፍሪሲዮኑ አልለይ ካለም መኪናው መሄድ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ አራት ጎማ የሚጎትት ከሆነ ከባዱ ማርሽ ይጨመራል፤ ሞተሪኖው ሲዞር መኪናው እየተሳበ ይነሣል። ከፊት ሰውም ሆነ ከብት እንዳይኖር አስቀድሞ ይረጋገጥ። ማርሽ ለመለወጥ ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ የሞተሩን ፍጥነት ከመንገዱ ፍጥነት ጋር ማስማማት ልምምድ ይጠይቃል፤ ያልለመደ ግን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ቱርሚ መድረስ ይችላል።

የፍሬን ፈሳሽ ሳይኖር ሲቀር ንጹሕ ውኃ የሚጨምሩ የቆዩ አሽከርካሪዎች አሉ። ውኃ ጎሚኒ ስለማያሳብጥ በእርግጥ ከሞተር ዘይት እጅግ ይሻላል። ግን የሚፈቀደው ማጠራቀሚያው ከፍሬኑ ፈጽሞ የተለየ ሲሆን ብቻ ነው፤ መኪናው እንደ ተመለሰም ሁሉም ፈስሶ በአዲስ ፈሳሽ ይታጠብ። ያለ ፍሪሲዮን መንዳት የሚችል አሽከርካሪ ይህንንም ባያደርግ ይመረጣል።

የግምጃ ቤቱ ድርሻ

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት እህል ወደብ ደርሶ በማጓጓዣ እጥረት ሲጉላላ ያዩ የቀድሞው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሠራተኞች፣ በዕርዳታ ሥራ ውስጥ መለዋወጫ ከእህል እኩል እንደሚቆጠር ያውቃሉ። ለዱስ መስመር በሚሠማራ እያንዳንዱ መኪና ላይ ያልተከፈቱ ሁለት ትንንሽ የፍሬን ፈሳሽ ቆርቆሮዎች፣ የሁለቱ ማስተሮች ጎሚኒ፣ አንድ ተጣጣፊ ቱቦ፣ ቀጭን ላስቲክና አንድ መርፌ ቢቀመጡ ሁሉም በአንድ የጫማ ካርቶን ይጠቃለላሉ። ትልቅ ቆርቆሮ መግዛት በዋጋ ርካሽ ይመስላል፤ ግን አንዴ የተከፈተ ቆርቆሮ ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚበላሽ ቀሪው የሚጣል ነው። ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሹ በየሁለት ዓመቱ ወይም በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ በዚህ አቧራና ወንዝ መካከል ለሚሠራ መኪና በየዓመቱ፣ ከዝናቡ ወራት በፊት መለወጥ ተገቢ ነው። የተለወጠበት ቀንና የፈሳሹ ደረጃ በጉዞ መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ መኪናው ከአንዱ አሽከርካሪ ወደ ሌላው ሲተላለፍም የመሣሪያ ሣጥኑ ተከፍቶ ስም የሌለው ጠርሙስ ሁሉ ይወገድ። በንብረት ካርዱ ላይም ይህ ዕቃ «ዘይትና ቅባት» ከሚለው ወጥቶ «የፍሬንና የፍሪሲዮን ፈሳሽ» ተብሎ ለብቻው ቢመዘገብ አንድ የስሕተት በር ይዘጋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ባዶው ዕቃ ነው። በዱስም ሆነ በሐመር መንደሮች ባዶ ጠርሙስ ተፈላጊ ንብረት ነው፤ ውኃ ይቀዳበታል፣ ማር ይቀመጥበታል፣ ሕፃናትም መኪና በቆመ ቁጥር ይጠይቃሉ። የፍሬን ፈሳሽ ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው። አሮጌው ፈሳሽ በአሸዋ ላይ፣ በተለይም ሰዎች ውኃ ለማግኘት በሚቆፍሯቸው ደረቅ የወንዝ ወለሎች ውስጥ አይፈስስ፤ በክዳን ተዘግቶ ወደ ጂንካ ይመለስ። ባዶው ቆርቆሮ ደግሞ ለማንም ከመሰጠቱ በፊት ሳይሆን፣ ለማንም እንዳይሰጥ፣ ረዳቱ በመዶሻ ጨፍልቆ በምስማር ይብሳው።